በወተት ውስጥ የቀረ ኦክሲቴትራሳይክሊንን በወርቅ ቅንጣት ቀለም መለየት

እርጎ አልረጋ ሲል ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቅሉ ነው። «በደንብ አልታጠበም» ወይም «ወይራው በዝቶበታል» ይባላል። ወቀሳው ሁልጊዜ ያለ ቦታው አይደለም፤ የወይራ ጢስ ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች በእርግጥ ያዘገያል። ላሟ በዚያው ሳምንት የጡት በሽታ ይዟት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ተወግታ ከነበረ ግን ቅሉ በከንቱ ተወቅሷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከላሟ ደም ወደ ጡቷ ያልፋል፣ ወተቱ ውስጥ ይቀራል፣ እርጎ የሚያረጉትንም ባክቴሪያዎች ይይዛቸዋል።

ማፍላት አያስወግደውም፤ ቢቀንሰው እንጂ። የወተቱን ጥግግት የሚለካው ላክቶሜትር አያየውም፣ የአልኮል ምርመራም አያየውም፣ ሽታውም ጣዕሙም ወተቱ ውስጥ አይታወቅም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለኦክሲቴትራሳይክሊን የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በ1 ሊትር ወተት 100 ማይክሮግራም፣ ማለትም የ1 ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው። እዚህ የማሳየው ይህን ያህል ጥቂት መድኃኒት በወርቅ ቅንጣቶች ቀለም መለወጥ እንዴት እንደሚለይ ነው።

መጀመሪያ፦ ይህ ሥራ የእናንተ ነው ወይ?

የወተት ማሰባሰቢያ ላይ የምትሠሩና ጠዋት ሃያ ገበሬ ተሰልፎ የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ወርቅ አታብስሉ። ለእናንተ የተሠራ ዝግጁ ስትሪፕ (ወተት ውስጥ የሚነከር መመርመሪያ) አለ፤ ብዙዎቹ ስትሪፖች ላይ የምታዩት ቀይ መስመርም ይኸው የወርቅ ቅንጣት ነው። አጠቃቀሙን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የራሱን ዳሳሽ ሠርቶ መፈተሽ ለሚፈልግ የዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ሴንትሪፊውጅ፣ የፒኤች መለኪያ፣ ማሞቂያ ያለው ማግኔቲክ ስተረር፣ ማይክሮፒፔትና ቢቻል ፕሌት ሪደር (የብዙ ትንንሽ ጉድጓዶችን ቀለም በአንድ ጊዜ የሚያነብ መሣሪያ) ያስፈልጋችኋል።

ቀለሙ ለምን ይለወጣል?

ስፋታቸው 13 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ የወርቅ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ተበታትነው ሲቆዩ 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚውጡ ፈሳሹ የቀይ ወይን ጠጅ መልክ ይኖረዋል። ተጠጋግተው ሲቧደኑ የሚውጡት ብርሃን ወደ 650 ናኖሜትር አካባቢ ይሸሻል፣ ፈሳሹም ሰማያዊ ይሆናል። ተበታትነው የሚያቆያቸው ላያቸው ላይ የተለጠፈው ሲትሬት ነው፤ ሁሉም ኔጋቲቭ ሙላት ስላላቸው ይገፋፋሉ። ጨው ሲጨመር መገፋፋቱ ይዳከማል፣ ቅንጣቶቹም ይያያዛሉ።

እዚህ መካከል አፕታመር ይገባል። አፕታመር ማለት አንድን ሞለኪውል ለይቶ እንዲይዝ የተመረጠ አጭር ነጠላ ሰንሰለት ዲኤንኤ ነው። መድኃኒት በሌለበት ወርቁ ላይ ይለጠፍና ከጨው ይጋርደዋል፤ ቀለሙ ቀይ ይቀራል። መድኃኒት ካለ አፕታመሩ እሱን ያቅፋል፣ ወርቁ ራቁቱን ይቀራል፣ ጨው ሲመጣም ሰማያዊ ይሆናል። ለኦክሲቴትራሳይክሊን የተመረጠ ባለ 76 ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ ፊደል) አፕታመር አለ፤ በ2010 በዚሁ መንገድ እስከ 25 ናኖሞላር ድረስ መለየት እንደሚቻል ታትሟል። የኮዴክሱ 100 ማይክሮግራም በሊትር ወደ 217 ናኖሞላር ስለሆነ በወረቀት ላይ ሰፊ ቦታ አለን። ወተት ግን ወረቀት አይደለም።

ወርቁን ማብሰል

ይህ ከሥራው ሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ነው፤ በ1951 ተርኬቪችና ባልደረቦቹ ያሳወቁት ዘዴ ዛሬም እምብዛም አልተለወጠም።

1. ብርጭቆዎቹንና የስተረሩን ማግኔት ፊውም ሁድ ውስጥ በአኳ ሬጂያ እጠቡ፦ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ድብልቁን ክዳን ባለው ጠርሙስ ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ይፈነዳል። አልኮልም ሆነ አሴቶን አጠገቡ አይድረስ። ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

2. 39.4 ሚሊግራም ጎልድ ክሎራይድ (ባለ ሦስት ውሃውን) በ100 ሚሊሊትር ዲአዮናይዝድ ውሃ አሟሙ፤ 1 ሚሊሞላር ይሆናል። በብረት ማንኪያ አትዝገኑት፣ ብረቱን ይበላል። አየር ላይም አታቆዩት፣ እርጥበት ይስባል። ውሃ ሲጎድል «ሃይላንድም ንጹሕ ውሃ ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። የታሸገ ውሃ ማዕድን አለው፤ ወርቁን ገና ሳይበስል ያበላሸዋል።

3. እያማሰላችሁ እስኪፈላ አሙቁ። ላዩ ላይ ማቀዝቀዣ ኮንደንሰር ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ በሰዓት መስታወት ክደኑት።

4. 114 ሚሊግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት (ባለ ሁለት ውሃውን) በ10 ሚሊሊትር ውሃ አሟምታችሁ በአንድ ጊዜ ገልብጡበት። ጠብ ጠብ አታድርጉት፤ ቅንጣቶቹ እኩል የማይሆኑት ያኔ ነው።

5. ፈዛዛ ቢጫው መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ጠቆር ይላል፣ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቀዩ ከመጣ በኋላ ሌላ 15 ደቂቃ አፍሉት። አዲስ አበባ ወይም ሆለታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባሕር ጠለል ላይ በተጻፈ መመሪያ ሰዓት አትቸኩሉ፤ ቀለሙን እንጂ ሰዓቱን አትከተሉ።

6. ማሞቂያውን አጥፍታችሁ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙ፣ አጥልሉ፣ በጥቁር ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪዘር ውስጥ ካስገባችሁት ይረጋና አይመለስም።

ጥቂቱን በውሃ አቅጥናችሁ በስፔክትሮፎቶሜትር እዩት፤ ከፍታው 520 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ጠበብ ብሎ መቆም አለበት። ከፍታው ወደ 530ዎቹ ከሸሸ ወይም ቀኝ ጎኑ ከተንዘላዘለ ድፉትና እንደገና አብስሉ። በዋጋው አትሳሱ፦ 1 ግራም ጎልድ ክሎራይድ 25 ጊዜ ያህል ያስበስላል፣ እያንዳንዱ ማብሰያም 1,000 ያህል ምርመራ ያወጣል። ገንዘብ የሚበላው ቀጥሎ ያለው ነው።

ወተቱን ማጽዳት

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እኔም ወድቄያለሁ። መጀመሪያ ስሞክር ወተቱን በውሃ አቅጥኜ ቀጥታ ወርቁ ላይ ጨመርኩ። መድኃኒት የጨመርኩበትም ያልጨመርኩበትም ቀይ ሆኖ ቀረ። ኬዚንና የአጓቱ ፕሮቲኖች ወርቁን ካፖርት እንዳለበሱት የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ካፖርት የለበሰ ወርቅ ጨው ብታፈስሱበትም አይነቃነቅም። ሁለተኛ ጊዜ ፕሮቲኑን በአሲድ አርግቼ አወጣሁት። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ! ወተት በሊትር ወደ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ አብዛኛው ኬዚኑ ውስጥ ተደብቆ የነበረው በአሲድ ጊዜ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፣ ካልሲየም ደግሞ ከጨው እጅግ ባነሰ መጠን ወርቅን ያያይዛል። በማቅጠን ለማምለጥ ከሞከራችሁ መቶ እጥፍ ድረስ ትሄዳላችሁ፤ 217 ናኖሞላሩ 2 ይሆናል፣ ዳሳሹም አያየውም።

ስለዚህ መንገዱ ማቅጠን ሳይሆን መድኃኒቱን ብቻ ይዞ ሌላውን የሚያሳልፍ ካርትሪጅ ነው። ቴትራሳይክሊን ካልሲየምን አጥብቆ ስለሚይዝ ካልሲየሙን በሚነጥቅ ኢዲቲኤ በሚባል ኬሚካል አስቀድሞ መፋታት አለባቸው።

መጀመሪያ ማክልቬይን የሚባለውን መፍትሔ አዘጋጁ፦ 21 ግራም ሲትሪክ አሲድ (ባለ አንድ ውሃውን) በ1 ሊትር ውሃ፤ 17.75 ግራም ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት (ውሃ የሌለውን) በ625 ሚሊሊትር ውሃ። ሁለቱን ቀላቅሉ፣ ፒኤቹን 4 ላይ አስተካክሉ፣ 60.5 ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ (ባለ ሁለት ውሃውን) ጨምሩበት።

ከዚያ 5 ሚሊሊትር ወተት ላይ 20 ሚሊሊትር ከዚህ መፍትሔ ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ነቅንቁ፣ በ4 ዲግሪ በ4,000 ጂ 20 ደቂቃ አሽከርክሩ። ስቡ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፕሮቲኑ ታች ይቀመጣል፤ መካከሉን ውሰዱና አጥልሉ። የፖሊመር ካርትሪጁን በ3 ሚሊሊትር ሜታኖል፣ ከዚያ በ3 ሚሊሊትር ውሃ አርጥቡ። የተጠለለውን በዝግታ፣ ጠብታው በዓይን እስኪቆጠር ድረስ አሳልፉ። 5 በመቶ ሜታኖል ባለው 3 ሚሊሊትር ውሃ እጠቡ፤ ጨውና ስኳሩ የሚሄደው እዚህ ስለሆነ አትዝለሉት። በ3 ሚሊሊትር ንጹሕ ሜታኖል መድኃኒቱን አውርዱ፣ በናይትሮጅን ትንፋሽ በ40 ዲግሪ ፈጽሞ አድርቁ፣ በ500 ማይክሮሊትር የ10 ሚሊሞላር ፎስፌት መፍትሔ (ፒኤች 7.4) መልሳችሁ አሟሙ፤ ከዚህ በኋላ ንጥር የምለው ይህን ነው። የሜታኖል ርዝራዥ ካለ ወርቁን ያናጋል።

አሁን ሂሳቡን እዩት። 5 ሚሊሊትሩ ወደ ግማሽ ሚሊሊትር ስለገባ መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ተጠራቅሟል። ኋላ ከ200 ማይክሮሊትር ጠቅላላ ውስጥ 50ውን ስለምንጠቀም በአራት እናካፍል፤ ካርትሪጁ ምንም ሳያባክን ቢያወርደው 217 ናኖሞላሩ ወደ 540 ይደርሳል። ግማሹ እንኳ መንገድ ላይ ቢጠፋ እንተርፋለን።

ቴትራሳይክሊኖች በብርሃን ይበላሻሉ። ቱቦዎቹን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉ፤ መስኮት ዳር የተቀመጠ ናሙና ማለዳ ያለውን ከሰዓት ላይኖረው ይችላል።

ጨውንና ዲኤንኤውን ማመጣጠን

የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ያለውን የጨው መጠን አትገልብጡ። የእናንተ ወርቅ የእናንተ ነው፤ ባበሰላችሁ ቁጥር ይህን ድገሙ።

ከንጹሕ (መድኃኒት ከሌለበት) ወተት የወጣ 50 ማይክሮሊትር ንጥር፣ 10 ማይክሮሊትር ውሃና 100 ማይክሮሊትር ወርቅ በየጉድጓዱ አድርጉ። ከ100 እስከ 500 ሚሊሞላር ከፍ እያለ የሚሄድ የሶዲየም ክሎራይድ መፍትሔ በየተራ 40 ማይክሮሊትር ጨምሩ፤ ውስጡ ከ20 እስከ 100 ሚሊሞላር ይሆናል። ወርቁ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የሆነበትን ዝቅተኛውን መጠን ምረጡ።

ቀጥሎ በውሃው ቦታ አፕታመር አስገቡ። ከ0.2 እስከ 4 ማይክሮሞላር ድረስ ሞክሩ፤ በ95 ዲግሪ 5 ደቂቃ አሙቃችሁ በክፍሉ ሙቀት ያቀዘቀዛችሁትን ተጠቀሙ። ለመረጣችሁት ጨው ወርቁን ቀይ አድርጎ የሚያቆየውን ትንሹን መጠን ውሰዱ። «ለእርግጠኝነት» ብላችሁ ጨመር ካደረጋችሁ ዳሳሹን ታደነቁሩታላችሁ፤ መድኃኒቱ የተወሰነውን ዲኤንኤ ቢወስድ እንኳ የተረፈው ወርቁን ይጋርደዋል።

ምርመራው

ንጹሕ ወተት ማለት ከወር በላይ ምንም መድኃኒት ካልተወጋች፣ ታሪኳን ከምታውቋት ላም የተገኘ ነው። ከሱቅ የተገዛ ወተት ንጹሕ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ለማነጻጸሪያ ከዚሁ ወተት 5 ሚሊሊትር ላይ በሊትር 10 ሚሊግራም የሆነ ኦክሲቴትራሳይክሊን 50 ማይክሮሊትር ጨምሩ፤ ልክ 100 ማይክሮግራም በሊትር ይሆናል። ዱቄቱ የሃይድሮክሎራይድ ጨው ከሆነ 10.8 ሚሊግራሙ 10 ሚሊግራም መድኃኒት እንደሆነ አስቡ።

50 ማይክሮሊትር የናሙና ንጥር ከ10 ማይክሮሊትር አፕታመር ጋር ቀላቅላችሁ 30 ደቂቃ አቆዩ። 100 ማይክሮሊትር ወርቅ ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። 40 ማይክሮሊትር ጨው ጨምሩ፤ ልክ በ10ኛው ደቂቃ አንብቡ። ጊዜው ለሁሉም ጉድጓድ እኩል ይሁን፤ ወርቅ ቆይቶ ቆይቶ በራሱም ሊቧደን ይችላል። ንባቡ በ650 ናኖሜትር የተዋጠው ብርሃን በ520 ለተዋጠው ሲካፈል ነው፤ ሲጨምር ሰማያዊነት ጨመረ ማለት ነው።

ፕሌት ሪደር ከሌለ ስልክ ይሠራል። ነጭ ካርቶን ሣጥን፣ አንድ አምፖል፣ ቋሚ ርቀት፤ የካሜራው ራስ-ሰር የነጭ ማስተካከያ ይጥፋ። ካልጠፋ ስልኩ ሐምራዊውን «አሳምሮ» ቀይ ያደርግላችኋል።

ሰማያዊ ያየ ሁሉ መድኃኒት አላየም

በዚህ ዘዴ ላይ ከባድ ትችት ያለው እዚህ ነው፣ ትክክልም ነው። መድኃኒቱ ራሱ ወርቁ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ያኔ ቀለሙ የተለወጠው አፕታመሩ ስላወቀው ሳይሆን ወርቁ ስለተነካ ነው። ስለዚህ በየፕሌቱ፣ እያንዳንዱን በሦስት ጉድጓድ፣ እነዚህን አስቀምጡ፦

- ወርቅና ውሃ ብቻ፦ ቀይ።
- ወርቅ፣ ከንጹሕ ወተት የወጣ ንጥር፣ ጨው፤ አፕታመር የለም፦ ሰማያዊ። ቀይ ከሆነ ፕሮቲን አልወጣም።
- ወርቅ፣ አፕታመር፣ የንጹሕ ወተት ንጥር፣ ጨው፦ ቀይ።
- ያው፣ ግን መድኃኒት ከተጨመረበት ወተት፦ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ።
- ወርቅና መድኃኒት ያለበት ንጥር፣ አፕታመርም ጨውም ሳይኖር፦ ቀይ። ሰማያዊ ከሆነ ንጥሩ ወይም መድኃኒቱ ራሱ ወርቁን እየሰበረ ነው።
- በአፕታመሩ ቦታ ፊደሎቹ የተዘበራረቁ ባለ 76 ዲኤንኤ፣ መድኃኒት ያለበት ንጥር፣ ጨው፦ ቀይ።

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ይተዋታል። የተዘበራረቀው ዲኤንኤም ሰማያዊ ከሰጣችሁ አፕታመር አልሠራችሁም፣ የሠራችሁት ዋጋው የተወደደ የጨው ምርመራ ነው። ከተማሪዎች የጥናት ረቂቅ ስቀበል መጀመሪያ የምፈልገው ይህቺን ጉድጓድ ነው፤ ከሌለች ወደ ግራፉ አልሄድም።

መቁረጫውን፣ ማለትም ንባቡ ሲያልፈው ወተቱ ተጠርጣሪ የሚባልበትን ቁጥር፣ ለማውጣት ከ20 የተለያዩ ላሞች ንጹሕ ወተት ለኩ፤ አማካዩ ላይ ሦስት እጥፍ የመደበኛ ልይይት ጨምሩ። ከዚያ እነዚሁን 20 ወተቶች በሊትር 100 ማይክሮግራም መድኃኒት ጨምራችሁባቸው ድገሙ፤ ከ20ው ከአንድ በላይ ካመለጣችሁ ዘዴው ገና ነው። የእንገር ወተትና የታመመ ጡት ወተት ፕሮቲናቸውና ጨዋቸው የተለየ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አትቀላቅሉ።

ሌላም አለ፦ ይህ ዳሳሽ ፔኒሲሊንን አያይም። አገራችን ውስጥ ፔኒሲሊን ያለበት ፔንስትሬፕ እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ሁሉ በየቦታው ይወጋል፤ የፔኒሲሊን ገደብ ደግሞ በሊትር 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን የእርጎውን ምርመራ ሥሩ፦ ወተቱን አፍልታችሁ እስከ 43 ዲግሪ አቀዝቅዙ፣ የእርጎ እርሾ ጨምሩ፣ ያንኑ እርሾ ከተጨመረበት ንጹሕ ወተት ጋር በ43 ዲግሪ አቆዩ። ንጹሑ በአራት ሰዓት ውስጥ ረግቶ ያኛው ውሃ ከሆነ አንድ የሚያግድ ነገር አለበት። ምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም፤ ያልታጨሰ ዕቃ ተጠቀሙ።

ለማሰባሰቢያው፦ ስትሪፑን ማንበብ

ስትሪፖቹን ከፍሪጅ አውጥታችሁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ጠብቁ። ሰላሌ ላይ ማለዳ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ብርድ ነው፤ አምራቹ ማሞቂያ ካዘዘ ያለ ማሞቂያ አትሥሩ። ወተቱን በደንብ አማስሉ፣ የተባለውን መጠን ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሩ፣ ቀዩ ዱቄት እስኪሟሟ ቅዱ መልሱ፣ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ስትሪፑን ንከሩ።

አሁን የሚያሳስተው፦ መስመር መታየቱ ጥሩ ነው፣ መጥፋቱ ነው መጥፎ። የእርግዝና ምርመራ የለመደ ሰው ተቃራኒውን ያነባል። መድኃኒት ካለ ወርቁ የያዘውን መቀበያ አስቀድሞ ስለሚይዝበት መስመሩ ላይ መቆም አይችልም። የምርመራው መስመር ከማነጻጸሪያው መስመር ከፈዘዘ ወይም ከጠፋ ወተቱ ተጠርጣሪ ነው። የማነጻጸሪያው መስመር ራሱ ካልታየ ስትሪፑ ተበላሽቷል፣ በሌላ ድገሙ።

ናሙናውን ከየገበሬው ጣሳ ውሰዱ፣ ከተቀላቀለው አይደለም፤ ታንከር ውስጥ ከገባ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ገደቡ ሥር ድረስም ቀጥኖ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ተጠርጣሪ ሲገኝ በሁለተኛ ስትሪፕ ድገሙ፣ ገበሬውን «ላሟ መቼ፣ ምን ተወጋች?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ወተቱ የማይሸጥበትን ቀን አብራችሁ አንብቡ። ክስ ወይም ቅጣት የሚያስከትል ከሆነ ግን ስትሪፕም ሆነ የእኛ ወርቅ ማስረጃ አይሆንም፤ ናሙናው በቅዝቃዜ ሆኖ የማስ ስፔክትሮሜትር ወዳለው ላቦራቶሪ ይሂድ።

የተረፈውን ወርቅ ለብቻ በጠርሙስ አጠራቅሙ። መድኃኒት የጨመራችሁበትን ወተት ግን ለጥጃም ለውሻም አትስጡ፣ ሲንክ ውስጥም አትድፉት፤ ከላቦራቶሪው የኬሚካል ቆሻሻ ጋር ይወገድ።